ባለቤቱ ሄዶ ስሙ ሲቀር

በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ የማኅተምን አያያዝ ያውቃል። ክቡ ማኅተም በቍልፍ በተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሹሙ ስም የተቀረጸበት ቲተርም እንዲሁ በኃላፊነት ይጠበቃል። ማኅተሙን በጠረጴዛ ላይ ትቶ ወደ ምሳ የሄደ ሠራተኛ ቢገኝ፥ ምንም ጉዳት ባይደርስ እንኳ፥ ከአለቃው ተግሣጽ አያመልጥም። ያለ ጠባቂ የቀረ ማኅተም ላገኘው ሁሉ ይታዘዛልና።

ዛሬ የመሥሪያ ቤት ሥራ በወረቀትና በማኅተም ብቻ የሚፈጸም መሆኑ ቀርቷል። ሠራተኛው ጧት በጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ለሰርቨሩ ይሰጣል፤ ሰርቨሩም ማንነቱን ካረጋገጠ በኋላ በሩን ይከፍትለታል። ከዚያች ደቂቃ አንሥቶ ሠራተኛው ተሰናብቶ እስኪወጣ ድረስ ያለው ጊዜ «ክፍለ ጊዜ» ይባላል። በዚህ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የሚጻፈው፥ የሚሰረዘውና የሚታዘዘው ሁሉ በእርሱ ስም ይመዘገባል። እንግዲህ ክፍለ ጊዜውን ክፍት ትቶ ከወንበሩ የተነሣ ሰው፥ ማኅተሙን በጠረጴዛ ላይ ትቶ ከሄደው በምን ይለያል? በእኛ አስተያየት የእርሱ ይብሳል እንጂ አያንስም። ማኅተም ማን እንደ መታው አይናገርም፤ የሰርቨሩ መዝገብ ግን ስም ጠርቶ ይመሰክራል፤ ምስክርነቱም ሐሰት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፥ ሰርቨሩ ራሱ የተተወውን በር እንዲዘጋ ስለሚደረግበት ደንብ ልንነጋገር ወደድን። ነገሩ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው አንባቢዎች እንዳሉ እናውቃለን። ይሁን እንጂ በሩ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ይዘጋ የሚለውን በፊርማው የሚያጸድቀው ሹሙ ነው፤ ደንቡ ሳይሠራ ቢቀርም መልስ የሚጠየቀው ባለሙያው ብቻ አይደለም።

አንድ የምናውቀውን ነገር እንንገራችሁ፤ የመሥሪያ ቤቱንም ሆነ የሰውየውን ስም አንጠራም። ሰውየው የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ በሥራው የተመሰገነ፥ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀረው። የሒሳቡ ፕሮግራም አሮጌ ሲሆን በአንድ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ሠራተኞቹ ከየጠረጴዛቸው በጽሑፍ መስኮት ይገቡበታል። አንድ ዓርብ ቀን የጎረቤቱ እናት ቀብር ስለ ነበረ አለቃውን አስፈቅዶ ወጣ። ሲወጣ ኮቱን አነሣ፥ መሳቢያውን ቈለፈ፥ ቍልፉን ኪሱ ከተተ፤ በፊቱ የነበረውን መስኮት ግን እንደ ተከፈተ ተወው። ይህም ከግዴለሽነት የመጣ አልነበረም። በዚያ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት መስኮቱ ሩብ ሰዓት ሳይነካ ከቆየ በራሱ ይዘጋ ስለ ነበር፥ ሠራተኞቹ ሁሉ «ተወው፥ እርሱ ይዘጋል» ማለትን ለምደው ነበር።

ሰኞ ጧት የአንድ ዕቃ አቅራቢ የባንክ ሒሳብ ቍጥር ተለውጦ፥ ክፍያም ወደ አዲሱ ቍጥር ታዝዞ ተገኘ። ገንዘቡ ከባንክ ሳይወጣ ስለ ተደረሰበት አልጠፋም። መዝገቡ ግን ቍጥሩን የለወጠው ይኸው ሠራተኛ ነው ይል ነበር። ሰውየው ወዲያው ከሥራ ታገደ፤ አጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ።

እዚህ ላይ ቋንቋችንን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት የምንወደው አንድ ነገር አለ። ከሰርቨሩ መዝገብ ታትሞ ለኮሚቴው የቀረበው ወረቀት ለውጡ የተደረገው በ3:10 ነው ይላል። ኮሚቴው ይህን እንደ ልማዳችን «ከጧቱ 3:10» ብሎ አነበበው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሠራተኛው በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያላየው ሰው አልነበረም። ነገሩ ያለቀ መሰለ። ከቍጥሩ አጠገብ የነበሩትን ሁለት የላቲን ፊደላት ግን ማንም ልብ አላለም፤ ትርጓሜያቸው «ከቀትር በኋላ» ማለት ነበር። የሰርቨሩ ሰዓት ቈጠራውን ከእኩለ ሌሊት ሲጀምር እኛ ከንጋት ስለምንጀምር፥ የሰርቨሩ 3:10 ከቀትር በኋላ በእኛ አቈጣጠር 9:10 ነው። በ9:10 ደግሞ ሰውየው በመቃብሩ ቦታ ነበር። ይህንንም ያስረዳለት የዕድሩ መዝገብ ነው፤ የዕድሩ ጸሓፊ በዚያው ሰዓት ስም እየጠራ ቀሪ ሲይዝ እርሱ «አለሁ» ብሎ ነበርና።

ይህ ሁሉ እስኪጣራ ሦስት ወር አለፈ። በሦስቱ ወር ደመወዙ ተይዞ ቆየ፤ ለጥር ተቀጥሮ የነበረው የልጁ ሠርግም ተላለፈ። ከሳሾቹ ዝም ባሉ ጊዜ እንኳ የሙሽራው ቤተ ሰዎች ዝም አላሉም ሲባል ሰምተናል። በመጨረሻ ሰውየው ከማጭበርበር ወንጀል ነጻ ወጣ፤ መስኮቱን ክፍት ትቶ በመሄዱ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ቍጥሩን የለወጠው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛም አንቃወምም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ለብዙ ዓመታት በራሱ ይዘጋ የነበረው መስኮት በዚያ ዓርብ ለምን ሳይዘጋ ቀረ?

ይህን ለመመለስ ሰርቨር የሰውን መሄድ በምን እንደሚያውቅ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሰርቨር ወንበሩ ባዶ መሆኑን አያይም። የሚያውቀው ከፊደል ገበታው የመጣለትን ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ መስኮት የመጨረሻው ፊደል የተነበበበትን ሰዓት ይይዛል፤ ባለሙያው «ደብልዩ» የምትባለውን ባለ አንድ ፊደል ትእዛዝ ሲሰጠውም ማን እንደ ገባና ከስንት ሰዓት ወዲህ ጸጥ እንዳለ በሰንጠረዥ ያሳየዋል። ሹማምንት ይህን ሰንጠረዥ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፥ ሠራተኛው ሁሉ ቤቱ ከገባ በኋላ፥ አንድ ጊዜ እንኳ አስወጥተው ቢመለከቱት መልካም ነው። ስንቱ ሰው ገና «ሥራ ላይ» እንዳለ ያዩበታል።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር እንበል። እንዲህ ያለውን መስኮት አንዳንድ ጸሓፊዎች «ሥራ ፈት ክፍለ ጊዜ» ይሉታል፤ ሌሎችም «ቦዘኔ» ሲሉ ሰምተናል። «ሥራ ፈት» ስንል ሥራ የሌለውን ሰው ማለታችን ነው፤ «ቦዘኔ» ደግሞ ስድብ ነው። በማስታወቂያ ላይ ቢጻፍ ሠራተኛው ስለ መስኮቱ ሳይሆን ስለ ራሱ የተነገረ መስሎት ይቀየማል። «ጸጥ ያለ መስኮት» ወይም «ሳይነካ የቆየ መስኮት» ማለት ይበቃል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። አጣሪ ኮሚቴው የሰርቨሩን ባለሙያ ጠርቶ «ደንቡ የት ገባ?» ሲል ጠየቀው። ባለሙያውም የደንቡን ፋይል ከፍቶ አሳየ፤ ደንቡ አልተነካም። ከሩቅ ሆኖ ወደ ሰርቨሩ የሚገባበትን በር የሚጠብቀው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች የተባለው ፕሮግራም ሲሆን፥ በፋይሉም ላይ «ክላይንት አላይቭ ኢንተርቫል» በተባለው መስመር 900፥ «ክላይንት አላይቭ ካውንት ማክስ» በተባለው መስመር ደግሞ ዜሮ ተጽፎ ነበር። 900 ሰኮንድ 15 ደቂቃ ነው። ቍጥሩ ትክክል፥ ፋይሉ ትክክል፥ የሹሙም ፊርማ በመዝገብ ቤት ይገኝ ነበር።

ነገር ግን እነዚህ ሁለት መስመሮች የተሠሩት ሰው ከወንበሩ መነሣቱን ለመቈጣጠር አይደለም። ሥራቸው መስመሩ በሕይወት መኖሩን መጠየቅ ነው። ሰርቨሩ ከወዲያኛው ጫፍ ለተባለው ያህል ጊዜ ምንም ካልሰማ «አለህን?» የሚል መልእክት ይልካል። የሚመልሰው ግን ሰውየው ሳይሆን በጠረጴዛው ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። ሰውየው ቀብር ላይ ቢሆን፥ ቢተኛ፥ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ እንኳ ኮምፒዩተሩ እስካልጠፋ ድረስ ፕሮግራሙ «አለሁ» እያለ ይመልሳል። በዕድር እንዲህ ያለውን የሚያደርግ ሰው ቢገኝ ይቀጣ ነበር። ሁለተኛው ቍጥር የሚወስነው ስንት ጥያቄ መልስ አጥቶ ሲቀር መስመሩ ይቈረጥ የሚለውን ነው፤ ማንም ካልለወጠው ሦስት ነው።

ታዲያ ቀድሞ እንዴት ይዘጋ ነበር? በድሮዎቹ እትሞች ሁለተኛው ቍጥር ዜሮ ሲሆን ፕሮግራሙ መልስ እስኪመጣ አይጠብቅም ነበር፤ የመጀመሪያው የጥያቄ ሰዓት እንደ ደረሰ መስመሩን ወዲያው ይቈርጠዋል። ባለሙያዎችም ይህን ጠባዩን አይተው እንደ መዝጊያ ተገለገሉበት፤ ለብዙ ዓመታትም በየመመሪያው እንደ ደንበኛ ዘዴ ሲጻፍ ቆየ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የወጣው 8.2 እትም ግን ይህን ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ዜሮ ማለት «መቼም አትቍረጥ» ማለት ሆነ። ለውጡ ሳይነገር አልቀረም፤ ከእትሙ ጋር በወጣው ማስታወቂያ ላይ ተጽፏል። በዚያ መሥሪያ ቤት ግን ሰርቨሩ ወደ አዲስ እትም በተዛወረ ጊዜ የድሮው የደንብ ፋይል ፊደል ሳይለወጥ ተገልብጦ ተቀመጠ፤ ማስታወቂያውንም ያነበበ አልነበረም። ያው ጽሕፈት ትላንት «ዝጋ» ሲል የነበረ ዛሬ «አትዝጋ» አለ። በሩ ክፍት መዋሉንም ማንም አላስተዋለም፤ የተዘጋ በር እንጂ ያልተዘጋ በር አቤቱታ አያስነሣምና።

እነዚህ መስመሮች ዋጋ የላቸውም ማለታችን አይደለም። በከተሞቻችን መብራት ድንገት ሲጠፋ የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ሳይሰናበት ይሞታል፤ ሰርቨሩ ግን ይህን አያውቅም። በሊኑክስ ላይ ተራው የመስመር ጥያቄ የሚጀምረው ከ7200 ሰኮንድ፥ ማለትም ከሁለት ሰዓት ጸጥታ በኋላ ስለ ሆነ፥ የሞተው ክፍለ ጊዜ እስከዚያ ድረስ ቦታ ይዞ ይቆያል። የመጀመሪያው ቍጥር 60፥ ሁለተኛው 3 ቢደረግ እንዲህ ያለው ሬሳ በሦስት ደቂቃ ያህል ይነሣል። መስመር በሚቈራረጥበት ቦታ ሁለተኛውን ቍጥር ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ አለዚያ በሥራ ላይ ያለው ሰውም አብሮ ይቈረጣል። ይህ ሁሉ ግን የሞተን መስመር መቅበር ነው፤ የተተወን መስኮት መዝጋት ሌላ ሥራ ነው።

ባለሙያው ስሕተቱ በታወቀ ጊዜ በሁለተኛው መንገድ ሞከረ። በሊኑክስ ላይ የተጠቃሚውን ትእዛዝ የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ባሽ የተባለው ፕሮግራም ነው፤ ለእርሱም «ቲ ኤም አውት» የሚባል የሰኮንድ ቍጥር ይሰጠዋል። 900 ተብሎ ቢጻፍ፥ ባሽ ትእዛዝ እየጠበቀ ሳለ በ900 ሰኮንድ ውስጥ አንድ ሙሉ መስመር ካልደረሰው ተሰናብቶ ይወጣል። ግማሽ መስመር ጽፎ ትቶ መሄድ አያድንም። ቍጥሩ ለሁሉም እንዲሆን በጠቅላላው የመግቢያ ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ ተጠቃሚው በገዛ እጁ እንዳያጠፋውም «የማይለወጥ» ተብሎ ይታሰራል። በዚህ ላይ ሹሙ ስለ ቍጥሩ መለኪያ ይጠንቀቅ። ባሽ የሚቈጥረው በሰኮንድ ሲሆን ሲ ሼል የተባለው ወገን ደግሞ በደቂቃ ይቈጥራል። ለባሽ 15 ብሎ የጻፈ ሰው ሠራተኞቹን በየ15 ሰኮንዱ ያስወጣቸዋል፤ ለሌላው 900 ብሎ የጻፈ ደግሞ በሩን ለ15 ሰዓት ክፍት ይተወዋል።

ይህም ቢሆን የሒሳብ ክፍሉን መስኮት አልዘጋም! ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የባሽ ሰዓት የሚቈጥረው ባሽ ራሱ ትእዛዝ ሲጠብቅ ብቻ ነው። ሠራተኛው የሒሳቡን ፕሮግራም ከከፈተ በኋላ ባሽ ከኋላ ተቀምጦ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ሰዓቱም አይሄድም። ጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ የሄደ ሰውም እንዲሁ ያመልጣል። ይህ ጠባይ ለአንድ ነገር ይጠቅማል፤ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ አስጀምሮ የሚጠባበቀውን ሠራተኛ ከመሃል አያቋርጠውም። ቀኑን ሙሉ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ለሚውል ክፍል ግን ከንቱ ነው።

በመጨረሻ የረዳው ሦስተኛው መንገድ ነው። በብዙዎቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ የገቡትንና የወጡትን የሚከታተል ሎጊን ዲ የተባለ አገልጋይ አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ከወጣው 252ኛው የሲስተም ዲ እትም ወዲህ ለዚህ አገልጋይ «ስቶፕ አይድል ሴሽን ሴክ» የተባለ ደንብ ተጨምሮለታል። ይህ የሚመለከተው ከፊደል ገበታው የመጨረሻው ፊደል የተነበበበትን ሰዓት ስለ ሆነ፥ በፊት ያለው ፕሮግራም ባሽም ይሁን የሒሳብ መዝገብ ልዩነት አያደርግም፤ ጊዜው ሲሞላ ክፍለ ጊዜውን ያስቆመዋል። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤችም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በወጣው 9.2 እትሙ «ቻነል ታይምአውት» የተባለ ደንበኛ መዝጊያ አበጅቷል፤ ነገር ግን መስኮቱ ሲዘጋ ከኋላው ያሉት ፕሮግራሞች ሁሉ ይቆማሉ የሚል ዋስትና አይሰጥም።

እንግዲህ ባለሙያው ደንቡን ከጻፈ በኋላ ያደረገው ነገር ከሁሉ ይልቅ ደስ አሰኝቶናል። ፋይሉን አሳይቶ «ተፈጽሟል» አላለም። ያንኑ የሒሳብ ሠራተኛ ጠርቶ በፊቱ እንዲገባ፥ ፕሮግራሙንም እንዲከፍት አደረገ፤ ከዚያም ሁለቱ የእጅ ሰዓታቸውን በጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሻይ አዘዙ። በ14ኛው ደቂቃ ላይ መስኮቱ ገና ክፍት ነበር። ከ15ኛው ጥቂት እንዳለፈ ተዘጋ። ሠራተኛው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ካየው በኋላ፥ «በዚያ ዓርብ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ» አለ፤ ቃሉንም አልጨረሰውም።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ታወቀ። ከአዲሱ ደንብ በፊት ገብተው የነበሩት ሠራተኞች በባሹ ደንብ አልተነኩም ነበር፤ እንዲህ ያለው ደንብ የሚይዘው ከተጻፈ በኋላ የሚገባውን ሰው ነውና። ለሳምንታት ሳይወጣ የቆየ ሰው ካለ፥ ደንቡ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ለእርሱ ሆኖ ሳለ፥ ወጥቶ እስኪመለስ አይደርሰውም። እንደዚሁም ባለሙያው የበሩን ደንብ ሲለውጥ ሁለተኛ መስኮት ከፍቶ መያዝ አለበት፤ አንድ ፊደል ቢሳሳት ራሱን በውጭ ቈልፎ ይቀራልና።

ስለ ደቂቃው ብዛት የሚጠይቁን ይኖራሉ። በዓለም የክፍያ ካርዶችን የሚመለከተው የጥበቃ ደንብ፥ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው አራተኛ ዋና እትሙም ጭምር፥ ከ15 ደቂቃ በላይ ጸጥ ያለ ሰው ማንነቱን እንደገና እንዲያስረዳ ያዛል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለመካከለኛው የጥበቃ ደረጃ 30 ደቂቃ፥ ለከፍተኛው 15 ደቂቃ ወስኖ ነበር። የዚያው አገር የሕሙማን መረጃ ጥበቃ ደንብ ግን በራሱ የሚዘጋ በር እንዲኖር ጠይቆ ቍጥሩን ለየተቋሙ ይተወዋል። እኛ ይህን የመጨረሻውን እንወዳለን። ገንዘብ የሚታዘዝበት መስኮትና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚነበብበት መስኮት አንድ ዓይነት ደቂቃ አያስፈልጋቸውም።

ቍጥሩን እጅግ ማሳጠርም ጥበቃን ያጠነክራል ብለው የሚያስቡ ሹማምንት አሉ። አምስት ደቂቃ የተሰጠው ሠራተኛ ባለጉዳይ አነጋግሮ ወደ ስክሪኑ ሲመለስ መስኮቱን ተዘግቶ ያገኘዋል፤ የጀመረው ጽሑፍም ጠፍቷል። በሁለተኛው ሳምንት የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ከፊደል ገበታው ሥር ያስቀምጣል፤ በሦስተኛው ደግሞ ፊደል በየደቂቃው የምትመታ ትንሽ ፕሮግራም ከወዳጁ ያገኛል። ያን ጊዜ በሩ ከቀድሞው የባሰ ክፍት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቍጥሩ ከመወሰኑ በፊት ከሠራተኞቹ አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ሥራቸውን ማየት ይገባል። ሌሊቱን የሚያድር ረጅም ሥራ ካለ ደግሞ ከሰው መስኮት ወጥቶ ራሱን ችሎ እንደሚሠራ አገልግሎት ይመደብ፤ በሎጊን ዲ ደንብ መስኮቱ ሲዘጋ ከሥሩ የተጀመረው ሥራ አብሮ ሊቆም ይችላልና። የፕሮግራሙንም ሠሪ «ክፍያ እየተመዘገበ ሳለ መስኮቱ ቢዘጋ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሰርቨራቸው ዊንዶውስ ለሆነ መሥሪያ ቤቶች አንድ ቃል ብቻ እንጨምር። በዚያ «ተቋረጠ» እና «ወጣ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጸጥ ያለው ሰው ጊዜው ሲደርስ መስመሩ ይቋረጣል፤ ፕሮግራሞቹ ግን በሰርቨሩ ላይ እንደ ተከፈቱ ይቀራሉ። የተቋረጠው ክፍለ ጊዜ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈጽሞ ይዘጋ የሚለው በሌላ ደንብ ይወሰናል፤ ካልተወሰነ ወሰን የለውም። ለአስተዳዳሪዎች የተፈቀዱት የሩቅ መግቢያዎች በተራው አቀማመጥ ሁለት ብቻ ስለ ሆኑ፥ ሁለት ሰዎች ሳይወጡ ቢሄዱ ሦስተኛው አስተዳዳሪ በችግር ቀን በር ላይ ይቆማል።

ብዙ ጊዜ ደንቡ ጥሩ ሆኖ ማስታወቂያው ያበላሸዋል። ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን እንዲያገለግል አንድ ማስታወቂያ እዚህ ጽፈናል።

«ለሠራተኞች በሙሉ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በሒሳብ ሰርቨር ላይ ለ15 ደቂቃ ሳይነካ የቆየ መስኮት በራሱ ይዘጋል። ያልተመዘገበ ጽሑፍ አብሮ ስለሚጠፋ፥ ከጠረጴዛ ከመነሣታችሁ በፊት ሥራችሁን መዝግባችሁ እንድትወጡ እናሳስባለን። ሌሊት የሚያድር ሥራ ያለው ክፍል እስከ ዓርብ ድረስ ለሲስተም አስተዳዳሪው ያስታውቅ።»

«እናሳስባለን» ያልነው አስበን ነው፤ «እናስጠነቅቃለን» ቢባል ገና ያልጠፋን ጥፋት መቅጣት ይመስላል። ከዚህም ይልቅ «ይዘጋል» እና «ይዘጋባችኋል» የሚሉትን ለይታችሁ እወቁ። በመካከል የገባችው ትንሿ «ባችሁ» ነገሩ በእናንተ ላይ፥ በጉዳታችሁ፥ የተደረገ መሆኑን ትናገራለች። «መስኮቱ ይዘጋባችኋል» ብሎ ያወጣ ሹም ሰኞ ጧት በ3 ሰዓት፥ በእኛ አቈጣጠር ማለታችን ነው፥ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የአቤት ባዮች ሰልፍ ሳያገኝ አይቀርም።